ከዲሲ ቶሮንቶ በመኪና፦ ከመነሳታችሁ በፊት የሚሰበሰቡ ወረቀቶች

ሰመር ሲመጣ ከዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ወደ ቶሮንቶ የሚነዳው ሐበሻ ብዙ ነው። ሠርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ለዓመታት ያልተያዩ ወንድምና እህት አሉ። አምስት ሰው በአውሮፕላን ከሚሄድ በመኪና መሄዱ ይረክሳል፤ መንገዱም ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ችግሩ ብዙ ሰው ፊላደልፊያ እንደሚሄድ ሁሉ ላይሰንሱን ብቻ ኪሱ ከትቶ መነሳቱ ነው። ካናዳ ሌላ አገር ናት። ድልድዩ ላይ ያለው ኦፊሰር የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ኦንታሪዮ ውስጥ የሚያስቆማችሁ ፖሊስ የሚጠይቀው ሌላ፣ ስትመለሱ የአሜሪካው ኦፊሰር የሚጠይቀው ደግሞ ሌላ።

ይሄን የምጽፈው አሜሪካ ለሚኖርና በራሱ፣ በተዋሰው ወይም በተከራየው መኪና ካናዳ ለሚሄድ ሰው ነው። እኛ ላይ በተለይ የሚከብድ አንድ ነገር ስላለ ከመጀመሪያው ልናገረው። ቤተሰቡ አንድ ሆኖ ስሙ አንድ አይደለም። እናት በአባቷ ስም ትጠራለች፣ ልጆቹ በአባታቸው፣ መኪናው በባል ስም ነው፣ ኢንሹራንሱ አንዳንዴ በወንድም ስም። ለኛ ግልጽ ነው፤ መስኮቱ ላይ ለተቀመጠው ኦፊሰር ግን አምስት የማይተዋወቁ ሰዎች የሌላ ሰው መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ሰው ወረቀት መሟላቱ ብቻ አይበቃም። ሰውን ከመኪናው፣ ልጅን ከወላጁ የሚያገናኝ ወረቀትም መያዝ አለባችሁ። ከታች ያለውን ሁሉ በዚህ ዓይን አንብቡት።

1ኛ፦ ሰውን የሚያሻግረው ወረቀት

ጊዜ የሚበላው ይሄ ስለሆነ ከዚህ ጀምሩ። ሁለት ሦስት ወር ሲቀረው ተሳፋሪውን በሙሉ ቁጠሩና የሁሉንም ፓስፖርት ጠረጴዛ ላይ አውጡ። "አለኝ፣ አለኝ" የሚለውን አትመኑ። የሚያበቃበትን ቀን በዓይናችሁ እዩ።

የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ሰው ፓስፖርቱን ወይም ፓስፖርት ካርዱን ይያዝ። ካርዱ በመኪና ለሚሻገር ሰው በደንብ ይሠራል፤ ለዓለም አቀፍ በረራ ግን አይሠራም። መሃል ላይ ድንገት በአውሮፕላን መመለስ ቢመጣ ደብተሩ ይሻላል። ብዙ ሰው የሚሸወደው በሪል አይዲ ነው። ኮከብ ያለበት ላይሰንስ ለአገር ውስጥ በረራ ያገለግላል እንጂ ድንበር አያሻግርም። ድንበር የሚያሻግር የተለየ ላይሰንስ የሚሰጡ እንደ ኒው ዮርክና ሚሺገን ያሉ ጥቂት ስቴቶች አሉ፤ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ግን ከነሱ ውስጥ የሉም። ዕድሜያቸው ከ16 በታች የሆነ የአሜሪካ ዜጋ ልጆች በመኪና ሲመለሱ በልደት ሰርተፍኬት መግባት ይችላሉ። ሆኖም ፓስፖርት ካላቸው ፓስፖርቱን ያዙላቸው፤ ሰርተፍኬቱም አብሮ ይሂድ፣ ለምን እንደሆነ ልጆች ጋ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጠንቀቅ ይበል። ድሮ ግሪን ካርዱን ብቻ አሳይቶ በመኪና መግባት ይቻል ነበር፤ ያንን የሚያስታውስ ሰው ዛሬም "ግሪን ካርድ ይበቃሃል" ይላችኋል። አይበቃም። እንደ ፈረንጆቹ ከኤፕሪል 26 ቀን 2022 ጀምሮ ካናዳ ግሪን ካርዱንም፣ ያልተቃጠለ ፓስፖርቱንም ትጠይቃለች። የካናዳ ቪዛ አያስፈልግም፣ ኢቲኤ የሚባለው በኢንተርኔት የሚወጣ የመግቢያ ፈቃድም አያስፈልግም፤ ሁለቱ ሰነዶች ግን ግድ ናቸው። የኢትዮጵያ ፓስፖርታችሁ ጊዜው አልፎ ከሆነ ዛሬውኑ ማሳደስ ጀምሩ፤ ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ኤምባሲ መሮጥ ለማንም አይበጅም።

በጥገኝነት ግሪን ካርድ ያገኘ ሰው ነገሩ ይለያል። ከሸሸው መንግሥት ፓስፖርት ማውጣት ኋላ ላይ ጥያቄ ሊያስነሳበት ስለሚችል፣ ኤምባሲ ከመሄዱ በፊት ጠበቃውን ያማክር። አሜሪካ ለስደተኞች የምትሰጠው የጉዞ ሰነድ አለ፣ በፎርም አይ 131 ይጠየቃል፤ ወራት ስለሚፈጅ ግን ለዘንድሮ ሠርግ ብላችሁ በመጨረሻው ሰዓት የምታስቡት ነገር አይደለም።

የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው ከዚህ ጉዞ ይቅር። የምለው በጭካኔ አይደለም። አድቫንስ ፓሮል የሚባለውን፣ ወጥቶ ለመመለስ ቀድሞ የሚሰጥ ፈቃድ፣ ሳይይዝ ከአሜሪካ የወጣ ሰው ማመልከቻውን እንደተወው ይቆጠራል፤ የዓመታት ድካም በአንድ ቅዳሜና እሁድ ይጠፋል። ዎርክ ፐርሚት መያዝ ድንበር መሻገሪያ አይደለም። በተማሪ ወይም በሥራ ቪዛ ያለ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዥ ደግሞ የካናዳ ቪዛ ቀድሞ ማውጣት አለበት፣ ለመመለሻውም ትምህርት ቤቱን ወይም አሠሪውን አስቀድሞ ይጠይቅ።

2ኛ፦ መንጃ ፈቃድ

ይሄ ቀላል ነው። የአሜሪካ ስቴት ላይሰንስ ካናዳ ውስጥ ለጎብኚ እንዳለ ይሠራል። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ የሚባለውን አያስፈልጋችሁም። ኢንተርኔት ላይ "ለካናዳ ግድ ነው" ብለው በስድሳና በሰማንያ ዶላር የሚሸጡላችሁ አሉ፤ ገንዘባችሁን አትስጡ። እውነተኛው ሰነድ ለሌሎች አገሮች ሲያስፈልጋችሁ ትሪፕል ኤ የሚባለው የመኪና ነጂዎች ማኅበር ቢሮ ሄዳችሁ ወይም በፖስታ ልካችሁ በ20 ዶላርና በሁለት ፎቶ ታወጡታላችሁ፣ ለአንድ ዓመት ያገለግላል። ብቻውን መንጃ ፈቃድ አይደለም፤ ከላይሰንሳችሁ ጋር አብሮ የሚታይ ትርጉም ነው።

የሚታየው ቀኑ ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው ላይሰንሱ ብዙ ጊዜ ከመኖሪያ ፈቃዱ ጋር አብሮ ያበቃል። ዎርክ ፐርሚታችሁን ስታሳድሱ ላይሰንሱን ረስታችሁት ሊሆን ይችላል፤ ኪሳችሁን ፈትሹ። ሁለት ሰው ተቀያይሮ የሚነዳ ከሆነ የሁለቱም ላይሰንስ፣ ዋናው፣ ፕላስቲኩ። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ላይሰንስ አይደለም።

3ኛ፦ መኪናው የማን ነው?

ሬጅስትሬሽኑ ወረቀት ክሩስኮት ውስጥ አለ ብላችሁ ዝም አትበሉ። አውጡና አንብቡት። ጊዜው አላለፈም? የታርጋው ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር ይገጥማል? ስሙ የማን ነው? ታይትሉን፣ ማለትም የመኪናውን የባለቤትነት ደብተር፣ ግን ቤት ተዉት። መኪናው ከነታይትሉ ቢሰረቅ ሌባውን ባለቤት ማድረግ ነው።

ስሙ የናንተ ከሆነና እናንተ ከነዳችሁ ጨርሳችኋል። ካልሆነ የሚያገናኝ ወረቀት ይዘጋጅ።

በባል ስም ያለ መኪና ሚስት ብቻዋን ስትነዳ፣ ወይም ከጓደኛ የተዋሳችሁት ከሆነ፣ ባለቤቱ አንድ ገጽ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ይጻፍላችሁ። ውስጡ የሚገባው ይሄ ነው፦ የባለቤቱ ሙሉ ስም፣ አድራሻና በዚያ ቀን የሚያነሳው ስልክ፤ የመኪናው ዓይነት፣ ዓመት፣ የታርጋና የሻንሲ ቁጥር፤ የሚነዳው ሰው ስም ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈው፤ ካናዳ ይዞ እንዲገባ መፍቀዱ፤ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ። ፈርሞ የላይሰንሱን ኮፒ ያያይዝበት። ኖተራይዝ ማስደረግ በሕግ ግድ ባይሆንም አስደርጉት፤ ባንካችሁ ብዙ ጊዜ በነፃ ይሠራላችኋል፣ ኦፊሰሩም ማኅተም ያለበትን ወረቀት በሌላ ዓይን ነው የሚያየው። ስለ ስም አጻጻፍ ደግሞ ልብ በሉ፤ "ተስፋዬ" ላይሰንሱ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ ሬጅስትሬሽኑ ላይ በሌላ ዓይነት የተጻፈበት ሰው ብዙ ነው። ልዩነት ካለ ደብዳቤው ውስጥ በአንድ መስመር ይገለጽ።

የባንክ ዕዳ ያለበት መኪና ካናዳ ለመግባት አብዛኛውን ጊዜ አያስቸግርም። ሊዝ፣ ማለትም ለዓመታት በወር ክፍያ የተከራያችሁት ከሆነ ግን ውሉን አንብቡ፣ ከአገር ማውጣት የፈቃድ ደብዳቤ የሚጠይቅ ሊዝ አለ፣ እና ያ ደብዳቤ ደውላችሁ በዚያው ቀን የምታገኙት ላይሆን ይችላል።

የተከራያችሁት ከሆነ ገና ስትይዙ "ካናዳ ልወስደው ነው" በሉ። ውሉ ላይ ካናዳ የተፈቀደ መሆኑ ይጻፍ። የሚነዱት ሰዎች ሁሉ ስም ውሉ ውስጥ ይግባ፤ ተራ ሲቀያየሩ ያልተመዘገበው ሰው መሪውን በያዘበት ሰዓት ግጭት ቢደርስ የኪራዩ ኩባንያ እጁን ይታጠባል። የውሉን ሙሉ ቅጂ በወረቀት ተቀበሉ። ከግለሰብ በአፕ የምትከራዩት መኪና ላይ ደግሞ ድንበር ማሻገር የተከለከለ ሊሆን ስለሚችል፣ ደንቡን ሳታነቡ አትክፈሉ።

4ኛ፦ ኢንሹራንስ

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፤ ሰው የሚዘነጋው ይሄንን ነው፣ ሲመጣ ደግሞ ቤት የሚያፈርስ ዕዳ ይዞ ይመጣል።

አብዛኛው የአሜሪካ የግል መኪና ኢንሹራንስ ካናዳንም ይሸፍናል። "አብዛኛው" ማለቴን ያዙልኝ። የናንተ መሸፈኑን የምታውቁት ኩባንያውን ስትጠይቁ ነው። ጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደውሉና እነዚህን ጠይቁ፦ ፖሊሲዬ ካናዳ ውስጥ ይሠራል ወይ? ከኔ ሌላ የሚነዳው ሰው ይሸፈናል ወይ? የኔ መኪና ጉዳትና ስርቆትስ እዚያ ይሸፈናል ወይስ የሌላ ሰው ጉዳት ብቻ? መጎተቻና ኪራይ መኪና አለኝ ወይ? መልሱን በኢሜይል ይላኩላችሁ። ስልክ ላይ የነገረቻችሁ ልጅ ስሟ እንኳ ነገ አይታወስም።

ከዚያ የካናዳ ኢንሹራንስ ካርድ ጠይቁ። የካናዳ ነዋሪ ላልሆኑ ሰዎች የሚሰጥ፣ ብዙዎች ቢጫ ካርድ የሚሉት ነው። በነፃ ነው፤ በፖስታ ወይም በኢሜይል ይልኩላችኋል። ጥቅሙን በቁጥር ላሳያችሁ። ሜሪላንድ የሚጠይቀው ዝቅተኛው ሽፋን ለአንድ ተጎጂ 30,000 ዶላር ነው፣ ዲሲ 25,000፣ ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ 50,000። ኦንታሪዮ ግን ዝቅተኛው 200,000 የካናዳ ዶላር ነው። ርካሹን ፖሊሲ ይዛችሁ ብትሄዱ ልዩነቱ ይሄን ያህል ሰፊ ነው። ካርዱ የኢንሹራንስ ኩባንያችሁ "ግጭቱ የደረሰበት ክፍለ አገር የሚጠይቀውን ዝቅተኛ ሽፋን አሟላለሁ" ብሎ በጽሑፍ የገባው ቃል ነው። ኦንታሪዮ ውስጥ ያለ ኢንሹራንስ የተገኘ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ እንኳ ከ5,000 እስከ 25,000 የካናዳ ዶላር ይቀጣል፤ ካርዱን ለመጠየቅ የሚወስደው የአሥር ደቂቃ ስልክ ነው።

ኡበር፣ ሊፍት ወይም ታክሲ የሚሠራ ወገን ደግሞ አንድ ነገር ይጨምር። የታክሲና የሊሞ ፖሊሲ ከቤት መኪና ፖሊሲ ይለያል፣ የሚሠራበት ክልል ጠባብ ሊሆን ይችላል። በሥራ መኪናችሁ ቤተሰብ ጭናችሁ ልትሄዱ ካሰባችሁ ይሄንኑ በግልጽ ተናገሩና መልሱን በጽሑፍ ያዙ። የኡበሩን ምልክትም ከመስታወቱ አንሱት፤ ድንበሩ ላይ ሥራ ልትሠሩ የመጣችሁ እንዳይመስል።

የኢንሹራንስ ካርዱንም የካናዳውንም አትሙ። ስልክ ባትሪው ያልቃል፣ ድልድዩን ስትሻገሩ ደግሞ ኔትወርኩ ይቀየራል።

የመኪና ባይሆንም እዚሁ ልጨምረው፦ የጤና ኢንሹራንሳችሁ ካናዳ ውስጥ ላይሠራ ይችላል፣ ሜዲኬይድ ከአሜሪካ ውጭ አይከፍልም። ሽማግሌ ይዛችሁ ከሆነ ለጥቂት ቀን የጉዞ ጤና ኢንሹራንስ ግዙላቸው። የትሪፕል ኤ አባል ከሆናችሁ ካርዱን ያዙ፣ የካናዳው እኅት ማኅበር መኪናችሁን ይጎትትላችኋል።

5ኛ፦ ልጆች ካሉ

ካናዳ ልጅ መጠለፍን በጣም ትፈራለች፣ ጥሩም ታደርጋለች። ልጅ ከሁለቱም ወላጆቹ ጋር ካልሆነ ኦፊሰሩ መጠየቁ አይቀርም። የኛ ልጆች ላይ ደግሞ ጥያቄው ይጠነክራል። እናት ሦስት ልጆቿን ጭና ትደርሳለች፤ የሷ መጨረሻ ስም አንድ ነው፣ የልጆቹ ሌላ። ለፈረንጅ ይሄ የሌላ ሰው ልጆች ናቸው።

መፍትሔው ሁለት ወረቀት ነው። አንደኛው የልደት ሰርተፍኬት ነው፤ የእናትም የአባትም ስም ያለበት ረጅሙ ዓይነት ይሁን። ፓስፖርቱ የወላጅ ስም ስለማይጽፍ ነው አብሮ ይሂድ ያልኳችሁ። ልጁ አገር ቤት የተወለደ ከሆነ ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመው ከዋናው ጋር።

ሁለተኛው የቀረው ወላጅ የፈቃድ ደብዳቤ ነው። አባት ሥራ ላይ ቀርቶ እናት ብቻዋን ስትሄድ አባት ይጽፋል፤ አክስት ወይም አያት ልጆቹን ስትወስድ ሁለቱም ወላጆች ይጽፋሉ። የልጆቹ ስምና የትውልድ ቀን፣ የሚወስዳቸው ሰው ስም፣ የት ቤት እንደሚያርፉ፣ መቼ እንደሚመለሱ፣ የጸሐፊው አድራሻና ስልክ ይግባበት። ኖተራይዝ ይደረግ፣ የጸሐፊው መታወቂያ ኮፒ ይያያዝ። ስልኩ የእውነት የሚነሳ ይሁን፤ ኦፊሰሩ ደውሎ ሊያጣራ ይችላልና አባት ያን ቀን ስልኩን ድምፅ አልባ አድርጎ እንዳይተኛ ንገሩት።

የተፋቱ ከሆኑ የአሳዳጊነት የፍርድ ቤት ወረቀት፤ አንዱ ወላጅ ካረፈ የሞት የምስክር ወረቀት። ሐዘን መቀስቀስ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ድንበር ላይ በልጆች ፊት ከማስረዳት ወረቀቱን መስጠት ይቀላል።

ልጆቹን ራሳቸውንም አዘጋጁ። ኦፊሰሩ ጎንበስ ብሎ "ይቺ ማናት? የት ነው የምትሄዱት?" ሊላቸው ይችላል። እንደማያስቆጣ፣ እውነቱን እንዲናገሩ ቀድማችሁ ንገሯቸው። "እንደ እናቴ ናት" የሚል መልስ ነገሩን ያራዝመዋል፤ አክስት ከሆነች አክስቴ ይበሉ።

6ኛ፦ ያለፈ ክስ

ጠጥቶ በመንዳት የተፈረደበት ሰው ካናዳ ላትገባ ትችላለህ ሲባል ይገረማል። አሜሪካ ውስጥ ቀላል ጥፋት ተብሎ ያለፈው ጉዳይ በካናዳ ሕግ፣ በተለይ ከዲሴምበር 2018 ወዲህ፣ ከባድ ወንጀል ውስጥ ይመደባል። ሲስተማቸው ላይ ይታያቸዋል፣ መደበቅ አይቻልም። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ እንዲህ ያለ ነገር ካለበት ጊዜያዊ የመግቢያ ፈቃድ ወይም ሙሉ ይቅርታ የሚጠየቅበት መንገድ ስላለ ከወራት በፊት ይጀምር። ክሱ ተሰርዞ ወይም ነፃ ወጥቶ ከሆነ ደግሞ ያንን የሚያሳየውን የፍርድ ቤት ወረቀት ይያዝ። ይሄን ጥያቄ ቤት ውስጥ ቀስ ብላችሁ ለብቻው ጠይቁት፤ መኪና ሙሉ ሰው ፊት ድንበር ላይ መውጣቱ ለሱም ውርደት ነው፣ እናንተንም ያስመልሳል።

7ኛ፦ አስተሻሸግ

አንድ ፎልደር ይበቃል። ከላይ የሁሉም ፓስፖርትና ግሪን ካርድ፣ ቀጥሎ የነጂዎቹ ላይሰንስ፣ ቀጥሎ የመኪናው፦ ሬጅስትሬሽን፣ ኢንሹራንስ፣ የካናዳ ካርድ፣ የፈቃድ ደብዳቤ ወይም የኪራይ ውል። ከታች የልጆቹ። በመጨረሻ የምታርፉበት ቤት አድራሻና ስልክ በወረቀት ተጽፎ፣ የሠርጉ መጥሪያ ካለም አብሮ። ፎልደሩ ከመኪናው ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ሻንጣ ሥር አይቀበር። ከነጂው ጎን የተቀመጠ ሰው ይያዘው። የሁሉንም ፎቶ አንስታችሁ ቤት ለቀረ ሰው ላኩ፤ ፓስፖርት ቢጠፋ ቁጥሩ መኖሩ ብዙ ያግዛል።

ሰነድ ባይሆንም የማልተወው ነገር፦ ጫት። ካናዳም አሜሪካም ውስጥ የተከለከለ ነው፤ "ለራሴ ነው፣ ትንሽ ናት" አይሠራም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው የመኖሪያ ፈቃዱን አደጋ ላይ ይጥላል። ማሪዋናም እንደዚያው፤ እዚህም እዚያም የተፈቀደ ቢሆን ድንበር ማሻገር ወንጀል ነው። ተሳፋሪዎቻችሁን በግልጽ ጠይቁ፣ መኪናው የናንተ ነው።

8ኛ፦ ድልድዩ ላይ

ብዙው ሰው በዩኤስ 15 ሽቅብ ፔንሲልቬንያን አቋርጦ ባፋሎ ይወጣና በፒስ ብሪጅ ፎርት ኢሪ ይገባል። ናያጋራ ፏፏቴ ጋ ሬይንቦ ብሪጅ አለ፣ ከፍ ብሎ ሉዊስተን አለ። ዊርልፑል የሚባለውን ድልድይ ጂፒኤሱ ቢያሳያችሁ እንኳ አትሂዱበት፤ ኔክሰስ የሚባለው፣ ቀድመው ተጣርተው ለተመዘገቡ ተሻጋሪዎች የሚሰጥ ካርድ ላላቸው ብቻ ነው፣ መኪናው ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ፣ ሕፃኑም ጭምር ካርዱ ሊኖረው ይገባል።

መስኮቱ ከመድረሳችሁ በፊት ሙዚቃው ይጥፋ፣ የኋላ መስታወት ይውረድ፣ መነጽር ይውለቅ። ፓስፖርቶቹን አንድ ላይ ስጡ። ጥያቄዎቹ የታወቁ ናቸው፦ የት ትሄዳላችሁ፣ ስንት ቀን፣ እንዴት ትተዋወቃላችሁ፣ መኪናው የማን ነው፣ መሣሪያ፣ አልኮል፣ ምግብ አለ ወይ፣ 10,000 የካናዳ ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ጥሬ ገንዘብ ይዛችኋል ወይ። የተጠየቀውን ብቻ፣ አጭር አድርጋችሁ መልሱ። ገንዘቡን መያዝ አይከለከልም፣ አለማሳወቅ ነው የሚያስወርስ። ለሠርግ የሰበሰባችሁት ስጦታ ገንዘብ በአንድ ሰው እጅ ከሆነ ይሄን አስቡበት። ቅቤና ቋንጣም ካለ ተናገሩ፤ የተናገረ ሰው ቢበዛ ዕቃው ነው የሚወሰድበት።

ወደ ጎን ገብታችሁ ቁሙ ብትባሉ አትደንግጡ። ፎልደሩ ዋጋ የሚኖረው ያኔ ነው።

9ኛ፦ ኦንታሪዮ ውስጥ

ፖሊስ ካስቆማችሁ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ላይሰንስ፣ የመኪናው ባለቤትነት ማለትም ሬጅስትሬሽኑ፣ ኢንሹራንስ። ፍጥነቱ በኪሎ ሜትር ነው፤ 100 የሚለው ምልክት ከ62 ማይል አይበልጥም። ከተፈቀደው 50 ኪሎ ሜትር አልፎ የተገኘ ሰው እዚያው መኪናው ለ14 ቀን ይታሰራል፣ ላይሰንሱም ለ30 ቀን ይታገዳል፤ መኪናው የተዋሳችሁት ከሆነ የሰው መኪና ነው የሚታሰረው። ራዳር ማወቂያ መሣሪያ ካላችሁ ቤት ተዉት፣ ኦንታሪዮ ውስጥ መኪና ውስጥ መገኘቱ ብቻ ያስቀጣል። 407 የሚባለው መንገድ አብዛኛው የክፍያ ነው፣ ታርጋችሁን ካሜራ ያነሳዋል። ዕዳ ካልፈለጋችሁ ጂፒኤሱ ላይ ቶል ያለውን መንገድ ዝጉ።

የቶሮንቶው ዘመድ "ቁልፉን ስጠኝ፣ ዳቦ ልግዛ" ቢል አትስጡት። ይሉኝታ ይይዛል፣ ግን የአሜሪካ ታርጋ ያለው መኪና የገባው በጎብኚነታችሁ፣ ለናንተ መጠቀሚያ ነው፤ የካናዳ ነዋሪ ብቻውን ሲነዳው ቢያዝ ከጉምሩክ ጋር የሚያጣላ ነገር አለው፣ ኢንሹራንሳችሁም ያንን ሰው አያውቀውም። አብራችሁት ሂዱና እናንተ ንዱ።

ግጭት ከደረሰ የተጎዳ ሰው ካለ መጀመሪያ 911 ደውሉ። የሌላውን ነጂ ላይሰንስ፣ ታርጋና ኢንሹራንስ ፎቶ አንሱ፣ የፖሊስ ሪፖርቱን ቁጥር ተቀበሉ፣ ከዚያ የራሳችሁ ኢንሹራንስ። ቶሮንቶ ውስጥ ቀላል ግጭት ሲሆን ፖሊስ ቦታው ድረስ ሳይመጣ ወደ ግጭት መመዝገቢያ ማዕከል ሊልካችሁ ይችላል፤ መኪናውን ይዛችሁ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። ሳታስመዘግቡ አሜሪካ ከተመለሳችሁ ወረቀቱን በርቀት ማግኘት አድካሚ ነው።

ስትመለሱ ፎልደሩ ያው ነው። መኪናውን ቶሮንቶ ጋራዥ አስገብታችሁ ካሠራችሁ ደረሰኙን ያዙ፣ ለአሜሪካው ኦፊሰር መናገር አለባችሁ።

ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣ

አጎት ከአዲስ አበባ ቶሮንቶ መጥቶ መንዳት ቢፈልግ፣ ኦንታሪዮ ለጎብኚ እስከ ሦስት ወር ድረስ በአገሩ ሕጋዊ መንጃ ፈቃድ እንዲነዳ ትፈቅዳለች። ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ያንን ደግሞ መንጃ ፈቃዱን የሰጠችው አገር ናት የምትሰጠው፣ ስለዚህ ሳይነሳ እዚያው ያውጣ። ከምንም በፊት ግን የመኪናው ባለቤት ኢንሹራንሱን ደውሎ አጎትን ያስመዝግብ። ሕጉ ቢፈቅድለት ኢንሹራንሱ ካላወቀው ምን ዋጋ አለው?

ሜክሲኮ ሌላ ነገር ነው

ቴክሳስና ካሊፎርኒያ ያላችሁ ይሄንኑ ይዛችሁ ወደ ደቡብ አትውረዱ። የአሜሪካ ኢንሹራንስ ሜክሲኮ ውስጥ አይሠራም፣ የሜክሲኮ ኩባንያ ፖሊሲ ለቆይታችሁ ቀን ያህል መግዛት ግድ ነው፤ ድንበር ሳትደርሱ በኢንተርኔት ይገዛል። ከድንበሩ አካባቢ አልፋችሁ ወደ ውስጥ የምትገቡ ከሆነ ለመኪናው ጊዜያዊ የማስገቢያ ፈቃድ ከባንሄርሲቶ ባንክ ታወጣላችሁ፤ ባሃ ካሊፎርኒያ አያስፈልግም። ሬጅስትሬሽኑ ፈቃዱን በሚያወጣው ሰው ስም መሆን አለበት፣ የባንክ ዕዳ ካለበት ከባንኩ የፈቃድ ደብዳቤ ይጠየቃል። እንደ መኪናው ዘመን ከ200 እስከ 400 ዶላር ታስይዛላችሁ። ስትመለሱ ፈቃዱን ድንበሩ ላይ ካለው የባንኩ መስኮት ሄዳችሁ አሰርዙ፤ ካላሰረዛችሁ ያስያዛችሁትን አትቀበሉም፣ በሚቀጥለው ጊዜ ያንን መኪና ይዛችሁ መግባትም አይፈቀድላችሁም።